ሃያ ስምንተኛው ቀን

ኦፓል ጠዋት ከአልጋዋ እንደወረደች፣ ጫማዋን እንኳ ሳታጠልቅ፣ ከመስኮቱ ሥር ያለውን ግድግዳ በአውራ ጣቷ ትጫናለች። ከደረቀው በኩል ትጀምርና እየተጫነች ወደ ጥጉ ትሄዳለች። ጣቷ ሰመጥ የሚልበት ቦታ ላይ ስትደርስ ትቆማለች። ከመስኮቱ ደፍ ላይ አጭር እርሳስ አንስታ እዚያው ላይ ቀጭን መስመር ታሰምራለች፤ ከጎኑ ቀኑን ትጽፋለች። የቡናዋን ውሃ የምትጥደው ይህን ከጨረሰች በኋላ ነው።

መስመሮቹ ብዙ ናቸው። የመጀመሪያው ከጥጉ አንድ ስንዝር አይርቅም። የቅርቡ ግን የአልጋውን ራስጌ አልፎ ቁም ሳጥኑ ጋ ሊደርስ ምንም አልቀረው። ለማያውቅ ሰው የልጅ ቁመት እየተለካ የተሰመረ ይመስለዋል፤ ልጁ ግን ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ጎን ያደገ።

“ዛሬ ደግሞ ግማሽ ጣት ሄዷል” ትለኛለች በመስኮቷ አሻግራ። የእኔና የእናቴ ተጎታች ቤት ከእሷ የሚርቀው ሦስት እርምጃ ነው።

“ማን?”

“ብስባሹ ነዋ። ኪራይ አይከፍል፣ ደብዳቤ አይደርሰው፣ ውጣ የሚለው የለ። በዚህ ግቢ ውስጥ እንደ ልቡ የሚኖር እሱ ብቻ ነው።”

ኦፓል ሃስኪንስ ስልሳ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። በሞርላን ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርታለች። ከተማችን ትንሽ ናት፤ ከአርባ ዓመት በታች የሆነ ሰው ሁሉ የእሷን የተፈጨ ድንችና ባቄላ በልቶ ነው ያደገው። ባሏ ላይል የፍራፍሬ እርሻዎችን የውሃ ፓምፕ ይጠግን ነበር። ተጎታች ቤቱን የገዙት ከሰው እጅ ነው፤ ርዝመቱ ሃያ አራት ጫማ፣ ጎኑ ላይ ቡናማ መስመር ያለው። በበጋ ሐይቁ ዳር አቁመው ዓሣ ሊያጠምዱበት ነበር፤ እንዳሰቡትም ስምንት በጋ ተጠቀሙበት። ከዚያ ላይል ሞተ። ሃያ ሁለት ዓመት የተከራዩትን ቤት አከራያቸው ሲሞት ልጆቹ ሸጡትና ለኦፓል የአርባ ቀን ጊዜ ሰጧት። ተጎታቹ ጓሮ ቆሞ ነበር። የሚገባውን አስገባች፣ የማይገባውን ለሰው ሰጠች፣ እዚህ ግቢ ቁጥር አሥራ ሰባት ላይ መጥታ ቆመች። ስድስት ዓመቷ ነው።

ስለ እሷ ልጽፍ እንደምፈልግ ስነግራት ብዙም አልተገረመችም። ባቄላ እየለቀመች ነበር።

“እንዲታዘንልኝ አድርገሽ እንዳትጽፊ” አለችኝ። “ማዘን ቀላል ነው፤ ሰው አዝኖ ወደ እራቱ ይሄዳል። ቁጣዬን ጻፊው። ስሞቹን ቀይረሽ ሁሉንም ጻፊው።” ከዚያ አንድ ነገር ብቻ እንድተው ጠየቀችኝ።

ከቁጣው እጀምራለሁ።

ግቢያችን በባቡር ሐዲዱና በመስኖው ቦይ መካከል ነው። አርባ ሁለት ቦታ አለው፤ በር ግን አንድ ነው። ከበሩ የወጣ ሁሉ ሐዲዱን ማቋረጥ አለበት። እዚህ አገር አንድ ሰው አንድ ቦታ ሠላሳ ቀን ሳያቋርጥ ከኖረ ተከራይ ይባላል። ተከራይን ማስወጣት የፈለገ ዳኛ ፊት መቆም አለበት። ተከራይ ያልሆነውን እንግዳ ግን በሩ ላይ ወረቀት ለጥፎ ማስወጣት ይቻላል። ግቢውን ከሦስት ዓመት በፊት የገዛው ድርጅት ይህን በደንብ ያውቃል። ስለዚህ ደንብ አወጣ። ማንኛውም ተጎታች ቤት በሃያ ስምንተኛው ቀን፣ ከጠዋቱ አምስት ሰዓት በፊት፣ ከግቢው ይወጣል። ሁለት ሌሊት ውጭ ያድራል። ከዚያ ተመልሶ እንደ አዲስ እንግዳ ይመዘገባል።

እንግዲህ በየወሩ ውሃውን ትነቅላለህ፣ መብራቱን ትነቅላለህ፣ ሳህንና ብርጭቆውን በፎጣ ጠቅልለህ አልጋ ላይ ታስተኛለህ፣ ክሪኩን ታነሳለህ፣ ትጎተታለህ። ሁለት ቀን ከአንድ የመኖ መደብር ጀርባ፣ ጠጠር ላይ፣ ያለ ውሃ ትቀመጣለህ። ከዚያ ያንኑ መንገድ ተመልሰህ ያንኑ ቦታ ትይዛለህ። የተጫንከው ሣር እንኳ ቀና ሳይል ነው የምትመለሰው። መኪና ያጣ ሰው ጎረቤት ይለምናል። የታመመ ሰው ታሞ ይጎተታል። ባለፈው ዓመት ቁጥር ሠላሳ ያለች ሴት በወለደች በዘጠነኛው ቀን ወጥታለች።

የምዝገባው ቅጽ ላይ “የጉብኝትዎ ዓላማ” የሚል መስመር አለ። ኦፓል ሁልጊዜ “መኖር” ብላ ትጽፋለች። የግቢው ኃላፊ ኬንት ይሰርዘውና “ዕረፍት” ብሎ ይጽፍበታል። ስድስተኛ ዓመቷን የያዘች እንግዳ ናት፤ ላለፉት ሦስት ዓመታት ደግሞ በየወሩ ለዕረፍት ትመጣለች።

ተጎታች ቤት የሚሠራው ከቀጭን እንጨት፣ ከቀጭን ኮምፔንሳቶና ከወረቀት ብዙም ከማይወፍር ቆርቆሮ ነው። ውሃ አንዴ ከገባበት ከውጭ አይታይም። ከውስጥ፣ በሁለቱ ግድግዳ መካከል፣ ቀስ እያለ ይበላዋል። ውጩ ያብለጨልጫል፣ ውስጡ እንደ ረጠበ ዳቦ ይፈርሳል። ኦፓል የመጀመሪያውን እርጥበት ያየች ጊዜ ፋብሪካውን ረገመች። ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ ግድግዳውን ስትጫን ፋብሪካውን ሳትረግም አታልፍም ነበር። “አንድ ሳንቲም ለማዳን ብለው፣ በስቴፕለር እንደ ተማሪ ደብተር ጠርዘው ሸጡልን” ትል ነበር። ደብዳቤም ጽፋላቸው ነበር። አልመለሱም።

አንድ ጊዜ ወደ ጥገና ጋራዥ አስጎትታ ወስዳዋለች። ባለሙያው ዙሪያውን በቡጢ እያንኳኳ ዞረና አሥራ አንድ ሺህ ዶላር ጠየቃት።

“ማዘር፣ ዕቃው ራሱ ሁለት ሺህ አያወጣም” አላት። “እኔ ብሆን እጥለው ነበር።”

“የት ሆኜ ነው የምጥለው?” አለችው። “ውስጡ ሆኜ?”

ስለዚህ ራሷ ትጠግናለች። ከሳምንታዊው የምግብ ገንዘቧ ጥቂት ሲተርፍ አንድ ጥቅል የጣሪያ ቴፕ፣ ሌላ ጊዜ አንድ ቱቦ ማሸጊያ ትገዛለች። የኮክ እርሻው የጣለውን የሳጥን እንጨት ለቅማ፣ ምስማሩን ነቅላ፣ በርዝመት በርዝመት አስተካክላ ከአልጋዋ ሥር ደርድራለች። ሁለት ነገሮች ግን ያስቸግሯታል፤ ሁለቱም ማቀዝቀዣዋ ላይ ጎን ለጎን ተለጥፈዋል። ደንብ ቁጥር ዘጠኝ፦ በግቢው ውስጥ የጥገና ሥራ መሥራትና በመሣሪያ ድምፅ እንግዶችን መረበሽ ክልክል ነው። ደንብ ቁጥር አሥራ አራት፦ የውጭ ገጽታው የተጎዳ ተጎታች ቤት በአስቸኳይ ካልተጠገነ ይወጣል።

ኬንት የደንብ አሥራ አራትን ማስጠንቀቂያ ያመጣላት ቀን እኔ እዚያ ነበርኩ። ኬንት ክፉ ሰው አይደለም። ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፤ እሱም በሩ አጠገብ ባለ ተጎታች ቤት ውስጥ ይኖራል፤ ደመወዙ ላይ የቦታው ኪራይ ተቆጥሮለታል። ድርጅቱን የሚያውቀው በስልክ ነው።

“ወይዘሮ ኦፓል፣ እኔ መልእክተኛ ነኝ” አላት።

“ግባ አንተ መልእክተኛ። እስቲ እነዚህን ሁለቱን አንብብልኝ።”

ሁለቱን ወረቀቶች አነበበ። ሲያነብ ጆሮው ቀላ።

“እና?” አለችው።

“ውጭ ወስደው ያስጠግኑት ማለታቸው ነው።”

“ውጭ የት? መንገድ ላይ ብቆም ፖሊስ ይቀጣኛል። መኖ መደብሩ የሚፈቅድልኝ ሁለት ቀን ነው። ጋራዡ ጣይው አለኝ። አንተ ኬንት፣ ሁለተኛ ሳህን እፈልጋለሁ ብለህ ስታለቅስ ድንች የጨመርኩልህ እኔ ነኝ። ያኔ ደንቡ አንድ ልጅ አንድ ሳህን ነበር። ደንቡን አነበብኩልህ?”

ኬንት ባርኔጣውን እጁ ላይ አዟዟረ። “አላነበቡልኝም” አለ።

“ሂድ በል። ጥፋልኝ አሁን።”

ከዚያ በኋላ የጥገናውን ሥራ ከባቡሩ ሰዓት ጋር አስማማችው። ዕቃ የጫነው ባቡር ጠዋት አራት ተኩል ላይ ያልፋል፤ መስኮቶቻችን ሁሉ ይንቀጠቀጣሉ፤ እርስ በርስ መሰማማት አይቻልም። ኦፓል መዶሻዋን ይዛ ትጠብቃለች። ባቡሩ ረጅም ከሆነ ሰባት ምስማር፣ አጭር ከሆነ አራት። ባቡሩ አልፎ ሲሄድ መዶሻውን የልብስ ቅርጫት ውስጥ ትደብቅና ሥራ እንደፈታች ሰው በረንዳዋ ላይ ትቀመጣለች። ስልሳ ዘጠኝ ዓመት የሆናት ሴት፣ የራሷን ቤት እንዳይፈርስባት ለመቸንከር፣ እንደ ሌባ ባቡር ትጠብቃለች። ይህን ስጽፍ እጄ ይሞቃል።

በጥር ወር ዝናቡ በረታ። የጥር ወሩ ሃያ ስምንተኛ ቀን ሲደርስ እንደ ወትሮው ሪጎ መኪናውን አመጣ። ሪጎቤርቶ ሳልዳኛ ቁጥር አሥራ ስድስት ነው የሚኖረው፤ ወገቡ እስኪጎዳ ድረስ የጣሪያ ሠራተኛ ነበር። ኦፓል የላይልን መኪና ከሸጠች ወዲህ በየወሩ እሱ ነው የሚጎትታት። እሷ ዋጋውን በኮክ ማርማላታ ትከፍላለች። እኔና እናቴ ከኋላቸው ነበርን። ሐዲዱ ላይ ሲደርሱ ተጎታቹ ተንገጫገጨና የኋላ ጥጉ ተከፈተ። ጣት የሚያስገባ ክፍተት አልነበረም፤ እጅ የሚያስገባ ነበር። የአልጋ ልብሷን ሰማያዊ አበባ ከመንገድ ላይ አየሁት።

መኖ መደብሩ ጀርባ ከቆሙ በኋላ ሪጎ ብሎን መፍቻውን አውጥቶ ጥጉን ወጋ። መፍቻው እስከ እጀታው ገባ። ሪጎ እጀታውን ለቅቆት ዘወር አለና ለጥቂት ጊዜ አፍንጫውን አሻሸ።

“በል ተናገር” አለችው ኦፓል። “ሐኪም አትምሰልብኝ።”

“ኦፓል፣ ይሄ ግድግዳ አይደለም። ከልማድ የተነሳ ነው የቆመው።”

“ይጠገናል አይጠገንም?”

“ይጠገናል። ቆርቆሮውን መግለጥ፣ የሞተውን እንጨት ማውጣት፣ ማድረቅ፣ አዲስ ማስገባት። እንጨቱ አለሽ። እኔ አለሁ። ግን አሥር ቀን ይፈጃል፤ በደረቅ ቀን፣ ሳይነቃነቅ፣ አንድ ቦታ ቆሞ።”

“አሥር ቀን” አለች ኦፓል።

“ካለበለዚያ በሚቀጥለው ወር ሐዲዱን ስናቋርጥ የኋላው ግድግዳ እዚያው ይቀራል። አንቺ አልጋሽን ይዘሽ ትሻገሪያለሽ።”

ቀላል ነገር ነበር የምትፈልገው። ገንዘብ አልጠየቀችም፣ ሰው አልጠየቀችም። አሥር ቀን የምትቆምበት መሬት ነው የጠየቀችው። በዚህ ሁሉ ሸለቆ፣ ከአድማስ እስከ አድማስ እርሻ በሆነበት አገር፣ የሚገኝ አልሆነም። ኬንትን ጠየቀችው፣ ኬንት ድርጅቱን ጠየቀ፣ ድርጅቱ ደንብ ዘጠኝን ላከ። የምትሄድበትን ቤተ ክርስቲያን ጠየቀች፤ የመኪና ማቆሚያችን ኢንሹራንስ አይፈቅድም አሉ። ባሏ ፓምፑን ሃያ ዓመት ሲጠግንለት የኖረውን ገበሬ ጠየቀች፤ እርሻው ተሸጧል፣ አዲሶቹን አላውቃቸውም አለ። ቤተ መጻሕፍት ሄዳ አንዲት ሠራተኛ የሠላሳውን ቀን ሕግ ፈልጋ አተመችላት። ኦፓል ወረቀቱን አራት ጊዜ አነበበችው።

“አልወጣም” አለችን በማግስቱ፣ ለእኔም ለሪጎም።

“ይጎትቱሻል” አለ ሪጎ።

“ይጎትቱኛ። በደንብ ለብሼ እጠብቃቸዋለሁ።”

የየካቲቱ ሃያ ስምንተኛ ቀን ፀሐያማ ነበር፤ ከቦዩ ማዶ ኮኩ አብቧል። ከጠዋቱ ጀምሮ ግቢው በመኪና ድምፅ ታመሰ። ሰው ሁሉ ቱቦውን እየጠቀለለ፣ በሩን እየቆለፈ ወጣ። ኦፓል ለፋሲካ የምትለብሰውን አረንጓዴ ሹራብ ለብሳ፣ ወንበር አውጥታ፣ ተጎታቹ ከመኪና ጋር ለሚያያዝበት ብረት ጀርባዋን ሰጥታ ተቀመጠች። ጭኗ ላይ ሳህን፣ ሳህኑ ላይ ብስኩትና ማርማላታ። አምስት ሰዓት አለፈ።

ኬንት መጣ። “ወይዘሮ ኦፓል፣ ሰዓቱ አልፏል።”

“አይቼዋለሁ። ብስኩት ብላ።”

“ሥራዬን ያሳጡኛል።”

“ሥራህ ምንድን ነው ኬንትዬ? በል ንገረኝ። በወር አንዴ አሮጊት ሐዲድ ላይ ማንገጫገጭ ነው?”

“ካልወጡ ጎታች መኪና ጥሩ ብለውኛል።”

“ጥራ። እኔም ላየው እፈልጋለሁ።”

ብስኩቱን ወሰደ፤ አልበላውም፤ ይዞት ሄደ። እኔና እናቴ በዚያን ቀን መውጣት ነበረብን። ወጣን። ሐዲዱን ስናቋርጥ ወደ ኋላ ዞሬ አየሁ፤ ባዶው ግቢ መካከል አንድ ተጎታች ቤትና አንድ አረንጓዴ ሹራብ። ሳልቆይላት በመውጣቴ አፈርኩ። በማግስቱ ጠዋት ከመኖ መደብሩ በእግሬ ተመለስኩ። ሪጎም ቀድሞኝ ደርሶ ነበር።

ጎታች መኪናው ሦስት ሰዓት ላይ ገባ። ሹፌሩ ወፍራም፣ ረጋ ያለ ሰው ነው፤ ሸሚዙ ላይ ዴልሮይ የሚል ተጠልፏል። ለኦፓል ባርኔጣውን ከፍ አደረገላት።

“ማዘር፣ ይቅርታዎን፤ የታዘዝኩት ነው።”

“የታዘዘ ሰው አያጣም ይሄ ግቢ” አለች ኦፓል። “ሥራህን ሥራ።” ወንበሯን አንስታ ዞር አለችለት።

ዴልሮይ ሰንሰለቱን ከማውረዱ በፊት እንደ ልማዱ ተንበርክኮ ከሥር አየ። በባትሪ አበራ። ተነሳና ወደ ኋላው ጥግ ሄዶ በሁለት ጣቱ ገፋ አደረገው። ጥጉ ወደ ውስጥ ገብቶ ተመለሰ፣ እንደሚተነፍስ ነገር። ዴልሮይ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ።

“አለቃ” አለው ለኬንት፣ “ይሄን እኔ አልጎትትም።”

“ምን ማለት ነው አትጎትትም? የተጠራኸው ለዚህ ነው።”

“ሐዲዱን እስክሻገር ይበተናል። ባቡር የሚያልፍበት ቦታ ላይ የሰው ቤት በትኜ ቆሜ ማን ሊከፍልልኝ ነው? ድርጅትህ ኃላፊነቱን እወስዳለሁ ብሎ ይፈርምልኝ፣ አሁኑኑ እጎትተዋለሁ።”

ኬንት ስልኩን አውጥቶ ደወለ። ድምፁን ከፍ አድርጎት ስለነበር ሁላችንም ሰማን። የአንዲት ሴት ድምፅ ነው፤ ትሑትና ሰልችቷት የዋለች።

“ድርጅታችን በእንግዳ ንብረት ላይ ኃላፊነት አይወስድም” አለች።

“አይጎትትም እኮ ካልፈረማችሁ” አለ ኬንት።

“እንግዲያው እንግዳዋ ትፈርም።”

ሁሉም ኦፓልን አዩአት። ኦፓል ማርማላታውን በማንኪያ እየጫረች ነበር።

“እኔ መነጽሬ ጠፍቶብኛል” አለች። መነጽሯ ግንባሯ ላይ ነበር።

ሪጎ ሳቁን ሳል አስመሰለው። ዴልሮይ ግን መደበቅ አልፈለገም፤ ሆዱ እየተንቀጠቀጠ ሳቀ። ለመጣበት የሚከፈለውን ደረሰኝ ጽፎ ለኬንት ሰጠው፤ ለኦፓል ባርኔጣውን እንደገና ከፍ አደረገና ሄደ።

ስድስት ዓመት ሲበላት የኖረው ብስባሽ ነው ያን ቀን በቦታዋ ያቆማት። ግድግዳው ጤነኛ ቢሆን ኖሮ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ መንገድ ላይ ነበረች። 

ሠላሳኛው ቀን በዝምታ አለፈ። በሠላሳ አንደኛው ቀን ጠዋት ኦፓል ግድግዳውን ተጫነች፣ መስመሯን አሰመረች፣ ከዚያ የወሩን ክፍያ ቼክና የቤተ መጻሕፍቱን ወረቀት ይዛ ወደ ኬንት ቢሮ ሄደች። እኔን አስከተለችኝ፤ ምስክር መሆኔ ነው። ኬንት የምዝገባውን ቅጽ ገፋላት።

“እሱን አልሞላም። ደረሰኝ ጻፍልኝ። ከስሜ ጎን ተከራይ ብለህ።”

“እንደዚያ ብዬ መጻፍ አልችልም።”

“እንግዲያው ዛሬ ስንተኛ ቀኔ እንደሆነ ጻፍልኝ። ቁጥር መጻፍ አትከለከልም።”

ኬንት ብዕሩን ይዞ ቆየ። በመስኮቱ ቁጥር አሥራ ሰባትን ያያል። እኔ በዚያች ሰዓት ምን እንዳሰበ አላውቅም፤ እሱም በድርጅቱ ዓይን እንግዳ መሆኑ ትዝ ብሎት ይሆናል። “ሠላሳ አንደኛ ቀን” ብሎ ጻፈ። ፈረመ። ማኅተሙንም ሳትጠይቀው አደረገበት።

በዚያው ዕለት፣ ባቡሩ ሳይመጣ፣ ኦፓል መዶሻዋን አነሳች። ድምፁ ግቢውን ሞላው። ከውጭ አዳራቸው የተመለሱት ሰዎች አንድ በአንድ መጡ። አንዱ መጋዝ ያዘ፣ አንዱ መሰላል። ቆርቆሮው ሲገለጥ ውስጡ ያለው እንጨት ጥቁር ጭቃ ሆኖ በአካፋ ወጣ፤ የዚያ ሁሉ ዓመት መስመሮቿ ያሉበት ኮምፔንሳቶ ግን በአንድ ቁራጭ ተላቀቀ። ኦፓል ላዩ ላይ የጻፈቻቸውን ቀኖች ትንሽ አየቻቸውና አጥር ላይ ደግፋ አቆመችው። ሥራው አሥራ ሁለት ቀን ፈጀ። ደንብ ዘጠኝን የጠቀሰ ሁለት ደብዳቤ መጣ፤ ሁለቱንም ኬንት እያፈረ አቀበላት፤ ሁለቱንም ማቀዝቀዣዋ ላይ ለጠፈቻቸው። ድርጅቱ አሁን ከስሷታል። ከግንቦት በኋላ ዳኛ ፊት ይቀርባሉ። ልትሸነፍ ትችላለች። ግን ዳኛ ፊት ነው፤ በር ላይ በተለጠፈ ወረቀት አይደለም። በዚህ ወር ሃያ ስምንተኛው ቀን ሲደርስ ደግሞ ሌሎች ሰባት ወንበሮች ወጥተዋል። አንዱ የእናቴ ነው።

የቀረው አንድ ነገር ነው፤ ኦፓል ተዪልኝ ያለችኝ። እንዳለችኝ ስሞቹን ሁሉ ቀይሬያለሁ፤ ላይል የባሏ ስም አይደለም። ያን ነገር ከተውኩት ግን የጻፍኩት ቁጣዋን ብቻ ይሆናል፤ እሷም ቁጣ ብቻ አይደለችም።

ግድግዳው በተከፈተ በሦስተኛው ቀን ሪጎ ውሃው ከየት እንደሚገባ ሊያይ ጣሪያው ላይ ወጣ። ኦፓል መሰላሉን ይዛ ከሥር ቆማ ነበር፤ ስለ ፋብሪካው እየነገረችኝ።

“ኦፓል” አለ ሪጎ ከላይ፣ “ፋብሪካውን ተዪው። ይሄን አንቴና ማን ነው የሰካው?”

ኦፓል ቀና ብላ አየች።

“አራት ብሎን ነው። ከሥራቸው አንዲት ጠብታ ማሸጊያ የለም፤ እርቃናቸውን ነው የገቡት። ዝናቡ ሁሉ በእነዚህ ነው ሲወርድ የኖረው፣ ቀጥ ብሎ ጥጉ ላይ።”

አንቴናውን የሰካው ላይል ነው። ሐይቁ ዳር፣ ጉልበቷን ታማ አልጋ ላይ በዋለችበት በጋ፣ የምትወደውን ድራማ ተኝታ እንድታይ ብሎ። ፓምፕ ጠጋኝ ነበር፤ ጣሪያ አያውቅም። ከላይ ሆኖ “አሁንስ ይታያል?” እያለ ይጠይቃት ነበር፤ እሷም ከአልጋዋ ሆና “ትንሽ ወደ ግራ” ትለው ነበር። ይህን የነገረችኝ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ግን መሰላሉን ጣቶቿ ነጭ እስኪሆኑ ድረስ ጨብጣ ቆመች። ከዚያ ቀን ወዲህ ፋብሪካውን ስትረግም ሰምቻት አላውቅም።

“እንደው ለነገሩ አሁን ምንም አይስብም” አለ ሪጎ። “ልንቀለውና ቀዳዳውን በቆርቆሮ ልድፈነው።”

“አትንቀለው” አለች ኦፓል። “ዙሪያውን አሽገው።”